በክላውድ ላይ ለቨርቹዋል ማሽኖች ራውት አሠራር፦ ከዝግጅት እስከ ሙከራ

ራውቱ (መረጃው በየት በኩል እንደሚሄድ የሚወስነው መመሪያ) ተጽፏል፤ የክላውዱ ኮንሶልም ያለ ስህተት ተቀብሎታል፤ ፒንጉ (የመገናኘት ሙከራው) ግን አይመለስም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ራውቱን አጥፍቶ ደግሞ ይጽፈዋል፣ ቁጥሮቹን ይቀያይራል፣ ሲመረው ደግሞ ፋየርዎሉን ለሁሉም ይከፍታል። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ራውቱ ላይ አይደለም። ፓኬቱ (በኔትዎርክ የሚላከው ቁራጭ መረጃ) ከማሽኑ ተነሥቶ ሌላ ኔትዎርክ እስኪደርስ፣ መልሱም እስኪመጣ ድረስ አራት ነገሮች መስማማት አለባቸው፦ የክላውዱ ራውት ሰንጠረዥ፣ አስተላላፊው ማሽን ከክላውዱ ያገኘው ፈቃድ፣ የዚያው ማሽን ኦፐሬቲንግ ሲስተም እና የመመለሻው መንገድ። ፋየርዎል ደግሞ በየመሀሉ አለ። አንዱ ሲጎድል የትኛው እንደጎደለ የሚናገር የለም፤ የሚታየው ታይምአውት (መልስ ሳይመጣ ጊዜው ማለቁ) ብቻ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ሥራ በጎግል ክላውድ፣ በአማዞንና በአዙር ይሠራል። የሚለያዩበት ቦታ ላይ ለየብቻ ተገልጿል።

የምንሠራበት ምሳሌ

• አፕ ማሽን፦ አድራሻው 10.10.1.10፣ ሰብኔቱ (ያለበት የኔትዎርክ ክፍል) 10.10.1.0/24፤ ከ/ በኋላ ያለው ቁጥር የክልሉን ስፋት ያሳያል፣ ቁጥሩ ሲጨምር ክልሉ ይጠባል
• ራውተር ማሽን፦ አድራሻው 10.10.2.10፣ ሰብኔቱ 10.10.2.0/24። ሊኑክስ ነው። ወደ ሩቁ ኔትዎርክ የሚወስድ የቪፒኤን ተነል (የተመሰጠረ የግል መንገድ) አለው፤ ከራሱ ከራውተሩ ላይ ሲሞከርም ይሠራል።
• ሩቁ ኔትዎርክ፦ 192.168.50.0/24፤ በውስጡ 192.168.50.20 ላይ ዳታቤዝ ሰርቨር አለ።

የተፈለገው አፕ ማሽኑ በራውተሩ በኩል አልፎ ዳታቤዙ ጋ እንዲደርስ ነው። ሁለቱን የ10.10 ሰብኔቶች ለማገናኘት ራውት አይጻፍም፤ በአንድ ኔትዎርክ ውስጥ ያሉትን ሰብኔቶች ክላውዱ ራሱ ያገናኛቸዋል። እነሱ እርስ በርስ ካልተገናኙ ራውት መፈለጉን ትተው በቀጥታ ፋየርዎሉን ይዩ።

ደረጃ 1፦ ኮንሶሉን ከመክፈትዎ በፊት

1. አድራሻዎቹ የማይደራረቡ መሆናቸውን ያረጋግጡ። የሁሉንም ሰብኔቶች፣ የሩቁን ኔትዎርክና የቪፒኤኑን አድራሻ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። የሩቁ ኔትዎርክ አድራሻ ከእርስዎ ሰብኔት ጋር ከተጋጨ የትኛውም ራውት አያድንዎትም፤ ጎግል ክላውድ በሰብኔቱ ክልል ውስጥ የሚወድቅ ራውት እንዲጻፍ ጭራሽ አይፈቅድም። ሰው የሚረሳው ዶከርን (ፕሮግራሞችን በኮንቴይነር የሚያስኬደውን ሶፍትዌር) ነው፦ ዶከር ሲጫን በነባሪ 172.17.0.0/16ን ለራሱ ይይዛል። ሩቁ ኔትዎርክዎ እዚያ ውስጥ ከሆነ ፓኬቱ ከማሽኑ ሳይወጣ ይቀራል።

2. ለማሽን የሚሰጡትን አድራሻ ከ10 ወዲያ ይጀምሩ። አማዞንና አዙር በየሰብኔቱ የመጀመሪያዎቹን 4 እና የመጨረሻውን 1 አድራሻ ለራሳቸው ይይዛሉ። ጎግል የመጀመሪያዎቹን 2 እና የመጨረሻዎቹን 2 ይይዛል።

3. የራውተሩን የውስጥ አድራሻ ቋሚ ያድርጉ። ማሽኑ ተሰርዞ እንደገና ሲፈጠር ሌላ አድራሻ ከያዘ ራውቱ ወደ ባዶ ቦታ ያመለክታል።

4. አሁን ያሉትን ራውቶች ቅጂ ያስቀምጡ። የስክሪን ምስልም ይበቃል። ነገ «ትናንት ምን ነበር?» ብለው መጠየቅዎ አይቀርም።

5. የሲሪያል ኮንሶሉን ይክፈቱና ገብተው ይሞክሩ። ኤስኤስኤች ቢቋረጥ ወደ ማሽኑ የሚገቡት በዚህ በኩል ነው። የይለፍ ቃል ያለው ተጠቃሚ ከሌለ ሲሪያል ኮንሶሉ መግቢያው ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ስለዚህ መከፈቱን ብቻ ሳይሆን መግባትዎንም ያረጋግጡ።

ደረጃ 2፦ ራውተሩ የሌላን ፓኬት እንዲያስተላልፍ ከክላውዱ ፈቃድ ይውሰዱ

ክላውዱ በነባሪው፣ ማሽኑ የራሱ አድራሻ የሌለበትን ፓኬት ሲልክም ሲቀበልም ይጥለዋል። ራውተር ግን ሥራው የሌላውን ማስተላለፍ ነው። ይህ ካልተፈታ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ከንቱ ነው።

በአማዞን፦ ማሽኑን ይምረጡ፣ የኔትዎርኪንግ ምናሌውን ይክፈቱ፣ «ሶርስ ዴስቲኔሽን ቼክ» የሚለውን ያስቁሙ። ራውተሩ ሁለት የኔትዎርክ ኢንተርፌስ (የኔትዎርክ ካርድ) ካለው በሁለቱም ላይ ያስቁሙት፤ አንዱ ላይ ብቻ አስቁሞ መርሳት የተለመደ ነው።

በአዙር፦ ፈቃዱ ያለው ማሽኑ ላይ ሳይሆን ኢንተርፌሱ ላይ ነው። የራውተሩን ኢንተርፌስ ከፍተው በአይፒ ኮንፊገሬሽን ገጹ «አይፒ ፎርዋርዲንግ»ን ያብሩ።

በጎግል ክላውድ፦ «አይፒ ፎርዋርዲንግ» በኮንሶሉ የሚመረጠው ማሽኑ ሲፈጠር፣ በኔትዎርክ ኢንተርፌስ ክፍል ውስጥ ነው። ማሽኑ ቀድሞ ተፈጥሮ ከሆነ በትእዛዝ መስመር ማስተካከል ይቻላል፤ ራውተሩ ላይ ገና ብዙ ነገር ካልተከሉ ግን አጥፍቶ እንደ አዲስ መፍጠሩ ይቀላል።

ደረጃ 3፦ የራውተሩን ሊኑክስ ያዘጋጁ

1. ማስተላለፍን ያብሩ። በሲስሲቲኤል (የሊኑክስን የውስጥ ቅንብር በሚቀይረው ትእዛዝ) «ኔት ነጥብ አይፒቪ4 ነጥብ አይፒ አንደርስኮር ፎርዋርድ» (net.ipv4.ip_forward) የሚለውን ቅንብር 1 ያድርጉት። በትእዛዝ ብቻ ካበሩት ማሽኑ ሲነሣ ወደ 0 ይመለሳል፤ በሲስሲቲኤል የቅንብር ፋይል ውስጥም ይጻፉት። ከዚያ ማሽኑን አንድ ጊዜ አጥፍተው ያስነሡና ቁጥሩን መልሰው ያንብቡ።

2. የአይፒቴብልስን (የሊኑክስ ፋየርዎሉን) የፎርዋርድ ሰንሰለት ይመልከቱ። ነባሪ ፖሊሲው ድሮፕ (ጣል) ከሆነ ከ10.10.1.0/24 ወደ 192.168.50.0/24 የሚሄደውን፣ እንዲሁም የእሱን መልስ የሚፈቅድ ሕግ ይጨምሩ። ዶከር የተጫነበት ራውተር ላይ ይህ ፖሊሲ ድሮፕ ሆኖ መገኘቱ አያስደንቅም። ራውተር ላይ ዶከር ባይጫን ይመረጣል።

3. ራውተሩ ከአንድ በላይ ኢንተርፌስ ካለው የሪቨርስ ፓዝ ማጣሪያውን ይዩ። በሲስሲቲኤል «አርፒ አንደርስኮር ፊልተር» (rp_filter) የሚባለው ነው። 1 ላይ ከሆነ፣ መልሱ በሌላ ኢንተርፌስ የሚመለስበትን ፓኬት ሊኑክስ ይጥለዋል። 2 ማድረግ ማጣሪያውን ሳያጠፉ ያላላዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጉዳይ ልጨምር፤ ብዙ ሰዓት የሚያባክነው እሱ ነውና። በግቢ ኔትዎርክ የሠራ ሰው ልማዱ አፕ ማሽኑ ላይ ገብቶ «አይፒ ራውት አድ 192.168.50.0/24 ቪያ 10.10.2.10» ብሎ መጻፍ ነው። በእኛ ምሳሌ ሊኑክስ ራሱ አይቀበለውም፤ 10.10.2.10 ከአፕ ማሽኑ ጋር በቀጥታ የተያያዘ አይደለም። ሁለቱ በአንድ ሰብኔት ውስጥ ቢሆኑ እንኳ በጎግልና በአዙር አይሠራም፤ ክላውዱ ፓኬቱን የሚመራው በመድረሻው አይፒ እንጂ ማሽኑ በመረጠው ጎረቤት አይደለም። የጎግል ሊኑክስ ማሽኖች ላይ የኢንተርፌሱ አድራሻ /32 ሆኖ የሚታየውም ለዚህ ነው፦ ማሽኑ ጎረቤት የለውም፣ የሚያውቀው ጌትዌዩን ብቻ ነው። ስለዚህ አፕ ማሽኑን አይንኩት። ራውቱ የሚጻፈው ክላውዱ ላይ ነው።

ደረጃ 4፦ ራውቱን ይጻፉ

ይህ አራተኛ የሆነው በምክንያት ነው። ራውቱ እንደተጻፈ ትራፊኩ ወዲያው ወደ ራውተሩ ይሄዳል፤ ራውተሩ ሳይዘጋጅ ቀድመው ከጻፉት ደህና የነበረውን ግንኙነት በእጅዎ ይቆርጡታል።

በጎግል ክላውድ

1. በቪፒሲ ኔትዎርክ ሥር «ራውትስ»ን ይክፈቱ፣ አዲስ ስታቲክ ራውት ይፍጠሩ።
2. ትክክለኛውን ኔትዎርክ ይምረጡ። «ዲፎልት» የሚባለው ቀድሞ ተመርጦ ይጠብቅዎ ይሆናል።
3. መድረሻው ላይ 192.168.50.0/24 ይጻፉ።
4. ፕራዮሪቲውን 1000 ላይ ይተዉት። ከ0 እስከ 65535 ይሄዳል፤ የሚያሸንፈው ትንሹ ቁጥር ነው። «ቅድሚያ ይሰጠው» ብሎ 9000 የሚጽፍ ሰው አለ፤ ያገኘው ተቃራኒውን ነው።
5. ራውቱ ለሁሉም ማሽኖች ካልሆነ የኔትዎርክ ታግ (መለያ ስም) ይስጡት፤ ያንኑ ታግ አፕ ማሽኑ ላይም ይለጥፉ። የታጉ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ኮንሶሉ ምንም አይልም፤ ራውቱ ግን ማንንም አይመለከትም።
6. ኔክስት ሆፕ (ፓኬቱ ቀጥሎ የሚሰጠው ማሽን) ላይ ራውተር ማሽኑን ይምረጡና ያስቀምጡ።

በአማዞን

1. የ10.10.1.0/24 ሰብኔት የትኛውን ራውት ቴብል እንደሚጠቀም በሰብኔቱ ገጽ ላይ ያንብቡ። በግልጽ ያልተያያዘ ሰብኔት ዋናውን ቴብል ይጠቀማል። ትክክለኛ ራውት በተሳሳተ ቴብል ውስጥ መጻፍ አማዞን ላይ ቀዳሚው ስህተት ነው።
2. ዋናውን ቴብል ከመንካት ለዚህ ሰብኔት የራሱን ቴብል ይፍጠሩ። አዲሱ ቴብል ሲፈጠር ያለው የኔትዎርኩ የውስጥ ራውት ብቻ ነው። በድሮው ቴብል የነበሩትን ሌሎች ራውቶች፣ በተለይ 0.0.0.0/0ን (ለማንኛውም መድረሻ የሚሆነውን ነባሪ ራውት)፣ መጀመሪያ ይገልብጡ።
3. 192.168.50.0/24ን ይጨምሩ፤ ታርጌቱ የራውተሩ ኢንተርፌስ ይሁን።
4. ቴብሉን ከሰብኔቱ ጋር ያያይዙ።

በአዙር

1. ራውት ቴብል ይፍጠሩ፤ ከኔትዎርኩ ጋር በአንድ ሪጅንና በአንድ ሰብስክሪፕሽን ውስጥ መሆን አለበት።
2. ራውት ይጨምሩ፦ መድረሻ 192.168.50.0/24፣ የኔክስት ሆፕ ዓይነት «ቨርቹዋል አፕላያንስ»፣ አድራሻ 10.10.2.10። «ነን» የሚለውን አይምረጡ፤ እሱ ፓኬቱን እንዲጥለው ማዘዝ ነው።
3. ቴብሉን ከ10.10.1.0/24 ሰብኔት ጋር ያያይዙ። ሳይያያዝ የቀረ ቴብል ምንም አይሠራም፤ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም።

ሁለት ራውቶች አንድን መድረሻ ሲሸፍኑ በሦስቱም የሚያሸንፈው ጠባቡ ነው፦ /24 ከ/16 ይቀድማል። በጎግል ፕራዮሪቲ የሚታየው ስፋታቸው እኩል ሲሆን ነው። ስለዚህ እዚያ ለ192.168.0.0/16 ፕራዮሪቲ 0 የሰጡት ራውት ካለ፣ ፕራዮሪቲ 1000 ያለው 192.168.50.0/24 በራሱ ክልል ውስጥ አሁንም ያሸንፈዋል።

ደረጃ 5፦ የመመለሻውን መንገድ ይሥሩ

ዳታቤዙ ጥያቄው ደርሶት መልስ ሲልክ ለ10.10.1.10 ነው የሚልከው። ሩቁ ኔትዎርክ ይህ አድራሻ ወዴት እንደሆነ ካላወቀ መልሱን ወደ ራሱ የኢንተርኔት መውጫ ይሰደዋል፣ እዚያም ይጠፋል። ሁለት መፍትሔ አለ።

የመጀመሪያው፣ በሩቁ በኩል ላለው ራውተር «10.10.1.0/24 በተነሉ በኩል ነው» ብሎ መንገር ነው። የቪፒኤኑ ቅንብር የሚፈቀዱ አድራሻዎችን የሚዘረዝር ከሆነ 10.10.1.0/24 በሁለቱም ጫፍ ዝርዝሩ ውስጥ መግባት አለበት። ተነሉ ከራውተሩ ሲሞከር የሚሠራው፣ ከአፕ ማሽኑ ሲሞከር ግን የማይሠራው ብዙውን ጊዜ ይህ ስለተረሳ ነው።

ሁለተኛው፣ በሩቁ በኩል ምንም ሥልጣን ለሌለው ሰው፣ ራውተሩ ላይ ማስከሬድ ማድረግ ነው። በአይፒቴብልስ የናት ቴብል፣ በፖስትራውቲንግ ሰንሰለት፣ ከ10.10.1.0/24 መጥቶ በተነሉ የሚወጣው ሁሉ የራውተሩን አድራሻ እንዲለብስ ያዝዙ። ይሠራል። ዋጋው ዳታቤዙ ሎግ ላይ ሁሉም ጠያቂ አንድ ማሽን መስሎ መታየቱ ነው፤ አንድ ቀን «ይህን ጥያቄ ማን ላከው?» ሲባል መልስ አይኖርም። ምርጫ ካለዎት የመጀመሪያውን ይያዙ።

ደረጃ 6፦ ፋየርዎል

ራውተሩ ላይ ከ10.10.1.0/24 የሚመጣውን ገቢ ትራፊክ ይፍቀዱ። ለኤስኤስኤች ብቻ ተከፍቶ የተረሳ ራውተር ፓኬቱን ገና ሊኑክሱ ሳያየው ያስጥለዋል። የሚፈቀደው ፖርት የዳታቤዙ ነው፤ ለሙከራ ደግሞ አይሲኤምፒን (ፒንግ የሚጠቀምበትን ፕሮቶኮል) ለጊዜው ይጨምሩ።

አማዞን ላይ የሰብኔቱ ኔትዎርክ ኤሲኤል (የሰብኔቱ ፋየርዎል) ከተነካ ይጠንቀቁ። ሴኩሪቲ ግሩፕ (የማሽኑ ፋየርዎል) የወጣውን ያስታውሳል፣ መልሱን ሳይጠየቅ ያስገባል፤ ኤሲኤል ግን አያስታውስም። ለመልሱ ከ1024 እስከ 65535 ያሉትን ፖርቶች በገቢ በኩል ለብቻ መፍቀድ ይኖርብዎታል።

ደረጃ 7፦ ሙከራ፣ ከቅርብ ወደ ሩቅ

ከአፕ ማሽኑ ቀጥታ ዳታቤዙን አይሞክሩ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ከራውተሩ ወደ 192.168.50.20 ፒንግ። ካልሠራ ችግሩ ቪፒኤኑ ነው፤ ራውቱን አይንኩ።
2. ከአፕ ማሽኑ ወደ 10.10.2.10 ፒንግ። ካልሠራ ፋየርዎሉ ነው።
3. ከአፕ ማሽኑ ወደ 192.168.50.20 ፒንግ። ሁለቱ ሠርተው ይህ ካልሠራ ወደ ቲሲፒዳምፕ (የሚያልፉ ፓኬቶችን ወደሚያሳየው ትእዛዝ) ይሂዱ።

ፒንጉን አፕ ማሽኑ ላይ ሳያቋርጥ ይሂድ ብለው ይተዉት። ራውተሩ ላይ ቲሲፒዳምፕን በሁሉም ኢንተርፌሶች፣ በአይሲኤምፒ ማጣሪያ ያስነሡ። የሚያዩት ነገር ጥፋቱን ቦታው ድረስ ይወስድዎታል፦

ምንም ካልታየ፦ ፓኬቱ ራውተሩ ጋ አልደረሰም። ደረጃ 4ን (የተሳሳተ ቴብል፣ የተሳሳተ ታግ)፣ ደረጃ 2ን እና ደረጃ 6ን በዚህ ቅደም ተከተል ይፈትሹ።

ጥያቄው ሲገባ ታይቶ በተነሉ ሲወጣ ካልታየ፦ ራውተሩ ተቀብሎ አላስተላለፈም። ደረጃ 3 ነው፤ ማስተላለፉ 0 ሆኗል፣ ወይም የፎርዋርድ ሰንሰለቱ ጥሎታል፣ ወይም ራውተሩ ራሱ 192.168.50.0/24 በተነሉ እንደሆነ አያውቅም። የመጨረሻውን «አይፒ ራውት ጌት 192.168.50.20» ብለው ይጠይቁት።

ጥያቄው ወጥቶ መልስ ካልመጣ፦ ደረጃ 5 ነው። የዳታቤዙ ማሽን የራሱ ፋየርዎልም ሊሆን ይችላል።

መልሱ ወደ ራውተሩ ተመልሶ፣ ወደ አፕ ማሽኑ ሲወጣም ታይቶ፣ አፕ ማሽኑ ካልተቀበለው፦ ደረጃ 2 ወይም ደረጃ 6። ራውተሩ ሁለት ኢንተርፌስ ካለውና መልሱ በሚወጣበት ላይ ፈቃዱ ከተረሳ፣ የመልሱ ላኪ አድራሻ 192.168.50.20 ስለሆነ ክላውዱ «ይህ የአንተ አድራሻ አይደለም» ብሎ ይጥለዋል።

ትሬስራውት (ፓኬቱ ያለፈባቸውን ራውተሮች የሚዘረዝረው ትእዛዝ) በዚህ ሥራ ላይ ብዙ አይረዳም፤ የክላውዱ የውስጥ ራውተር በዝርዝሩ ላይ ራሱን አያሳይም። ይልቅ አቅራቢዎቹ ያዘጋጁትን ይጠቀሙ፦ በጎግል «ኮኔክቲቪቲ ቴስትስ»፣ በአማዞን «ሪችአቢሊቲ አናላይዘር»፣ በአዙር ደግሞ በኢንተርፌሱ ገጽ ላይ ያለው «ኢፌክቲቭ ራውትስ»። ይህ የአዙሩ በተለይ ጠቃሚ ነው፤ ማሽኑ ላይ በእውነት የሚሠሩትን ራውቶች ሁሉ፣ እርስዎ የጻፉትንም የሲስተሙንም፣ በአንድ ገጽ ያሳያል።

ፒንግ ሠርቶ ዳታቤዙ ግን ተገናኝቶ የሚንጠለጠል ከሆነ

ይህ የኤምቲዩ (አንድ ፓኬት ሊኖረው የሚችለው ትልቁ መጠን፣ በባይት) ችግር ነው። ትንንሹ ፓኬት ያልፋል፤ ትልቁ ተነሉ ውስጥ አይገባም። የጎግል ኔትዎርክ በነባሪ 1460 ነው፣ አዙር 1500፣ አማዞን በኔትዎርኩ ውስጥ እስከ 9001 ይሄዳል፤ ቪፒኤኑ ደግሞ ከዚያ ላይ ለራሱ ማሸጊያ ይቀንሳል። እንዳይከፋፈል የሚከለክለውን አማራጭ ጨምረው በ1400 ባይት ፒንግ ያድርጉ፤ ካላለፈ ወደ 1300 ይውረዱ። 1300ው ካለፈ ምርመራው አልቋል። ራውተሩ ላይ በአይፒቴብልስ የማንግል ቴብል የቲሲፒ ኤምኤስኤስን (በአንድ የቲሲፒ ፓኬት የሚጫነውን ትልቁን የመረጃ መጠን) ከመንገዱ ኤምቲዩ ጋር የሚያስተካክለውን ሕግ ይጨምሩ።

ነባሪውን ራውት፣ 0.0.0.0/0ን፣ ሲቀይሩ

አንዳንዱ ሰው የሚፈልገው አንድ ሩቅ ኔትዎርክ ሳይሆን የማሽኖቹ የኢንተርኔት ትራፊክ በሙሉ በራውተሩ በኩል እንዲወጣ ነው። ደረጃዎቹ ያው ናቸው፣ መድረሻው ብቻ 0.0.0.0/0 ይሆናል፤ ማስከሬዱም ግድ ነው። አደጋው ግን ይበዛል።

ራውተሩ በዚህ ራውት ሥር እንዳይገባ ይጠንቀቁ። ራውተሩ ያለበት ሰብኔት ከዚያው ቴብል ጋር ከተያያዘ፣ ራውተሩ ወደ ኢንተርኔት የሚልከው ፓኬት ተመልሶ ወደ ራሱ ይመጣል። በአማዞንና በአዙር ራውተሩ የራሱ ሰብኔትና የራሱ ቴብል ይኑረው። በጎግል ራውቱን በታግ ይገድቡ፣ ያንን ታግ ለራውተሩ አይስጡት፤ ነባሪው የኢንተርኔት ራውት ፕራዮሪቲው 1000 ስለሆነ የእርስዎ ከዚያ ያነሰ፣ ለምሳሌ 800 ይሁን።

ኤስኤስኤችም ይቋረጣል። በማሽኑ የኢንተርኔት አድራሻ ገብተው እየሠሩ ከሆነ ራውቱን ባስቀመጡ ቅጽበት መልሱ በሌላ በር ይወጣል፣ ስክሪኑም ይደርቃል። አስቀድመው ለራስዎ የኢንተርኔት አድራሻ ብቻ፣ ለምሳሌ 203.0.113.25/32፣ በኢንተርኔት ጌትዌዩ በኩል የሚወጣ ራውት ይጻፉ፤ ጠባብ ስለሆነ ያሸንፋል። ረስተው ከተቆለፉ አይደናገጡ፤ ራውቱ ያለው ማሽኑ ውስጥ ሳይሆን ክላውዱ ላይ ስለሆነ ከኮንሶሉ ሲያጠፉት ግንኙነቱ ይመለሳል።

ራውተሩን ሲያነሡ

መጀመሪያ ራውቱን፣ ቀጥሎ ማሽኑን ያጥፉ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጡት ራውቱ ባለቤት ሳይኖረው ይቀራል፤ አማዞን እንዲህ ያለውን «ብላክሆል» ብሎ ያሳየዋል፣ ወደዚያ መድረሻ የሚሄደውንም ሁሉ ይጥላል። ለሙከራ የከፈቱት አይሲኤምፒ ካለ እሱንም አብረው ይዝጉት።